በስልክ የተቀመጠ ገንዘብ አደራው የማን ነው?



ወደ ማንኛውም ባንክ ቅርንጫፍ ብትገቡ በግድግዳው ላይ አንድ ዓይነት ማሳሰቢያ ታነባላችሁ። «የምስጢር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» ይላል። በስልካችሁም በየጊዜው የሚላክላችሁ መልእክት ይህንኑ ይደግማል። ቃሉ እውነት ነው፤ የሚከራከርበትም የለም። ይሁን እንጂ እውነተኛ ቃልም አንዳንድ ጊዜ መሸሸጊያ ይሆናል። ባንኩ ይህንን ዓረፍተ ነገር ከለጠፈ በኋላ የጥበቃ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል፤ ገንዘቡ የተወሰደበት ሰው ደግሞ አቤት ሊል ሲሄድ ያው ዓረፍተ ነገር እንደ ፍርድ ይነበብለታል። «ነግረንህ አልነበረም ወይ?» ይባላል፤ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል።

የዚህ ጽሑፍ ነቀፌታ በዚህ አሠራር ላይ ነው። ነቀፌታው ፍትሐዊ እንዲሆን ግን ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል። ሌብነቱ እንዴት እንደሚፈጸም፣ የግድግዳው ምክር ከየትኛው ስርቆት እንደሚያድንና ከየትኛው እንደማያድን፣ ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ፣ የአደራና የብድር ሕግጋት ምን እንደሚያስተምሩን፣ በመጨረሻም ባንኩም ቤተሰቡም ምን ማድረግ እንደሚገባቸው እስቲ በየተራ እንመርምር።

ደብተሩ ወደ ስልክ ሲዞር

በባንክ ደብተር ዘመን ገንዘብ ለማውጣት ሰው ራሱ ወደ ቅርንጫፉ ይሄድ ነበር። ፊርማው ከተቀመጠው ፊርማ ጋር ይነጻጸራል፤ መልኩ ከፎቶግራፉ ጋር ይተያያል፤ ገንዘብ ከፋዩ የሰፈር ሰው ከሆነም «ዛሬ ለምን ይህን ያህል ብዙ አወጡ?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኩ ደግሞ ማታ ይዘጋል። እነዚህ ሁሉ አስቦባቸው የማያውቅ ሰው እንደ ጣጣ ይቆጥራቸው የነበሩ ጥበቃዎች ናቸው።

ጣጣ መሆናቸውም አይካድም። ከገጠር የመጣ ገበሬ 500 ብር ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ይሰለፍ ነበር። ስልኩ ይህንን ድካም አቅልሎታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተጠቃሚው ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ኤም ፔሳም ተከትሎ ገብቷል፤ ባንኮቹም በየፊናቸው የስልክ መተግበሪያ አውጥተዋል። በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የላከችው ገንዘብ ለእናቷ መድረሱን እናቲቱ ቤቷ ተቀምጣ ታውቃለች። ስለዚህ ወደ ደብተሩ እንመለስ የሚል ምክር የለኝም፤ ቢኖረኝም የሚሰማኝ የለም።

ነገር ግን ከሰልፉ ጋር አብረው የሄዱትን ጥበቃዎች መቁጠር ይገባል። ፊርማው ሄዷል፤ መልክ ማየቱ ሄዷል፤ የመዝጊያ ሰዓቱም ሄዷል። ዛሬ ባንኩ የሚያውቀው ሰውን ሳይሆን ቁጥርን ነው። የስልክ ቁጥሩን፣ የምስጢር ቁጥሩንና በመልእክት የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር የያዘ ማንኛውም ሰው በማሽኑ ዓይን ባለቤቱ ራሱ ነው። የሌብነቱ ሁሉ መሠረት ይህ ነው። ሌባው ካዝና አይሰብርም፤ የሚያደርገው እናንተን መስሎ መቅረብ ብቻ ነው።

ሌባው በየትኛው በር ይገባል?

የመጀመሪያው በር ምላስ ነው። በምንኖርበት አካባቢ ያሉ አንዲት እናት የደረሰባቸውን ልንገራችሁ፤ ባንካቸው የትኛው እንደሆነ መጥራት አያስፈልግም። ልጃቸው ከዐረብ አገር የምትልክላቸውን ገንዘብ ለቤት ማደሻ ያጠራቅሙ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለላቸው። ደዋዩ በትሕትና «እናቴ፣ ከባንክ ነው የምንደውለው፤ መረጃዎ ስላልታደሰ ሂሳብዎ ዛሬ ማታ ይዘጋል» አላቸው። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራ። «አሁን በስልክዎ ቁጥር ይገባል፤ እሱን ያንብቡልኝ» አለ። ቁጥሩ ገባ፤ ማንበብ ስለማይችሉ የጎረቤት ልጅ ጠርተው አስነበቡት። ትንሽ ቆይቶ የሁለት ዓመት ጥሪት አልነበረም። በማግስቱ ወደ ባንኩ ሲሄዱ «የምስጢር ቁጥር ለማንም አይስጡ ብለናል» ተባሉ። እሳቸው ግን የምስጢር ቁጥራቸውን አልሰጡም። የሰጡት ባንኩ ራሱ የላከውን፣ ስሙንም የማያውቁትን ሌላ ቁጥር ነው። በፒንና በማረጋገጫ ቁጥር መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳቸው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው በር ሐሰተኛ መልእክት ነው። «8,500 ብር ወደ ሂሳብዎ ገብቷል» የሚል መልእክት ይደርሳችኋል። ወዲያው አንድ ሰው ይደውልና «ወንድሜ፣ ተሳስቼ ልኬብሃለሁ፤ ለታመመ ሰው ነበር፤ ስለ አላህ መልስልኝ» ይላል። ደግ ሰው ይመልሳል። የመለሰው ግን ከራሱ ገንዘብ ነው፤ የገባ ነገር አልነበረምና። በመርካቶም ሆነ በየሰፈሩ ሱቅ ነጋዴዎች የሚደርስባቸው የዚሁ ወንድም ነው። ገዢው ዕቃውን ከጫነ በኋላ «ልኬልሃለሁ» ብሎ የክፍያ ደረሰኝ ስክሪንሾት ያሳያል፤ ደረሰኙ ግን በስልክ ላይ የተቀነባበረ ነው።

ሦስተኛው በር የሰው እጅ የማይነካው ነው። በቴሌግራም «ይህን አፕ ጫን፤ ሥራ ታገኛለህ፤ ትርፍ ታገኛለህ» የሚል ፋይል ይመጣል። ሰውየው ሲጭነው አፑ መልእክቶችን ለማንበብና በስልኩ ላይ ለመሥራት ፈቃድ ይጠይቃል። ሰውየው ሳያነብ ፈቀደ እንበል። ከዚያ ወዲያ የማረጋገጫ ቁጥሩ ሲመጣ ከባለቤቱ በፊት የሚያነበው ሌባው ነው።

አራተኛው በር ሲም ካርዱ ነው። ሌባው በተጭበረበረ መታወቂያ «ሲም ካርዴ ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ያወጣል። የእናንተ ስልክ ድንገት መስመር ያጣል፤ መልእክቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ይህን ያህል አይደክምም፤ በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቅ ቁጥር «ሽልማትዎን ለማግኘት ይደውሉ» ብሎ ያስደውላል። ያ ቁጥር ጥሪያችሁን ወደ እሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው በር ልባችን የሚራራበት ነው። ረመዷን ሲመጣ፣ መስጂድ ሲሠራ፣ ታማሚ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲል በፌስቡክና በቴሌግራም የእርዳታ ጥሪ ይወጣል። ሌባው እውነተኛውን ጥሪ ከነፎቶግራፉ ይወስድና የሂሳብ ቁጥሩን ብቻ ለውጦ መልሶ ይለጥፈዋል። ሰደቃ የሰጠው ሰው በኒያው ምንዳውን ከአላህ ያገኛል፤ ታማሚው ግን አላገኘም።

አሁን ወደ ግድግዳው ማሳሰቢያ እንመለስ። «የምስጢር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚለው ምክር ከእነዚህ አምስት በሮች የሚዘጋው አንዱን ነው፤ እሱንም በግማሽ። በሐሰተኛው መልእክት የተታለለው ሰው ቁጥር አልሰጠም። ሲም ካርዱ የተቀየረበትም ለማንም ምንም አልተናገረም። ታዲያ አንድ በር በግማሽ ዘግቶ አራቱን ክፍት የተወ ዘበኛ «ቤቱን ጠብቄያለሁ» ሊል ይችላል ወይ?

መጋቢት 2016 ያሳየን ነገር

ባንኮች ብዙውን ጊዜ «ገንዘቡ ከሂሳቡ ከወጣ በኋላ ልንከታተለው አንችልም፤ ወደ ፖሊስ ይሂዱ» ይላሉ። ይህ ንግግር ምን ያህል እውነት እንደሆነ የሚመዝን አንድ አጋጣሚ በአገራችን ተፈጥሯል።

ለቅዳሜ አጥቢያ፣ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ረመዷን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ለተወሰኑ ሰዓታት ተዛባ። ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌላቸው ገንዘብ ላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት ተዛመተ፤ ተማሪዎች በሌሊት በኤቲኤም በር ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና የደንበኞች ሂሳብ ደህና እንደሆነ ገለጸ። በወቅቱ የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አቤ ሳኖ ያለአግባብ የተወሰደውን ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አደረሱት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ማን ስንት እንደወሰደ፣ ወደ ማን እንዳስተላለፈ ተለይቶ ታወቀ፤ መልሱ ተባለ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ሳይቀር በአደባባይ ወጣ። በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከገንዘቡ ከሦስት አራተኛ በላይ ተመለሰ።

የሰው ገንዘብ መውሰድ ሐራም ስለመሆኑ ጥያቄ የለም፤ ማሽኑ ስለሳተ የተወሰደው ገንዘብም ያው የሰው ገንዘብ ነው፤ ባንኩ ማስመለሱ ትክክል ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ ታይቷል። በስልክና በኤቲኤም የሚንቀሳቀስ ብር ሁሉ ዱካ አለው። ከማን ወደ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማሽን እንደሄደ ይመዘገባል። መዝገቡ የሚናገር ከሆነ፣ የጠፋው ገንዘብ የባንክ ሲሆን ይናገራል፣ የአንዲት እናት ሲሆን ግን ዲዳ ይሆናል ማለት አይቻልም።

ለባንኮችም ፍትሐዊ እንሁን። ሌባው ገንዘቡን በደቂቃዎች ውስጥ በሦስትና በአራት ሂሳብ አሻግሮ በጥሬው ያወጣዋል። የሌላ ሰውን ሂሳብ ለማገድም ሕጋዊ ሥርዓት መከተል ያስፈልጋል፤ የተሰረቀ መስሎ ንጹሕ ሰውን የሚያሳግድም አይጠፋም። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ሆኖም ችግሮቹ የሚያስረዱት ፍጥነት እንደሚያስፈልግ እንጂ እጅ መስጠት እንደሚገባ አይደለም። ሌባው በደቂቃ ሲሠራ አቤቱታ ሰሚው ሰኞ ጠዋት ቢሮ የሚከፍት ከሆነ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነጥብ ላንሣ። በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ለአንድ አስቀማጭም እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ይህ ሽፋን ግን ባንኩ ራሱ ቢወድቅ የሚከፈል ነው። በማጭበርበር ከሂሳባችሁ ለተወሰደ ገንዘብ አይደለም። ለዚህኛው ጉዳት ስንመጣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ተረት ይሠራል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

በሌላው ዓለም ይህ ክርክር ከእኛ ቀደም ብሎ ተካሂዷል። ሦስት አገሮችን ብቻ እንመልከት።

በሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሌቦች ኦሲቢሲ በሚባለው ባንክ ስም መልእክት ይልኩ ጀመር። መልእክቱ በደንበኞች ስልክ ላይ ከእውነተኛው ባንክ መልእክቶች ሥር ተሰልፎ ይገባ ነበር፤ ስልኩ የሚለየው በላኪው ስም ነውና። 790 ያህል ደንበኞች 13.7 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ተወሰደባቸው። ባንኩ መጨረሻ ላይ ለሁሉም ከፈለ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በቀጣዩ ወር ባንኮች ለደንበኛ በሚልኩት መልእክት ውስጥ የሚጫን አድራሻ እንዳያስገቡ፣ አዲስ ስልክ ላይ የተከፈተ የባንክ ማረጋገጫም ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይቆይ ሥራ እንዳይጀምር አዘዘ። እነዚያ 12 ሰዓታት የድሮው የባንክ በር መዝጊያ ሰዓት በሌላ መልክ ተመልሶ እንደመጣ ቁጠሩት።

በህንድ የማዕከላዊ ባንኩ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ባወጣው መመሪያ፣ ጥፋቱ የባንኩም የደንበኛውም ሳይሆን በሌላ ቦታ የተፈጠረ ሲሆን፣ ደንበኛው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቀ ምንም ኪሳራ አይሸከምም። ደንበኛው የምስጢር ቁጥሩን ራሱ አሳልፎ የሰጠ ከሆነ እስኪያሳውቅ ድረስ የጠፋው የእሱ ነው፤ ካሳወቀ በኋላ የሚጠፋው ግን የባንኩ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥፋቱ የደንበኛው መሆኑን የማስረዳት ሸክም በባንኩ ላይ ተጥሏል።

በእንግሊዝ ከጥቅምት 7 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተታሎ በራሱ እጅ ገንዘብ ለላከ ደንበኛ እንኳ ባንኩ እስከ 85,000 ፓውንድ ድረስ እንዲመልስ ግዴታ ሆኗል፤ በመደበኛው ሁኔታ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ። ወጪውን ላኪው ባንክና ተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈሉታል። ተቀባዩ ባንክ የሚከፍልበትን ምክንያት አስተውሉ። ለሌባው ሂሳብ የከፈተለት እሱ ነው። በዚህም ምክንያት ባንኮች ሂሳብ የሚከፍቱለትን ሰው ማንነት አጥብቀው እንዲመረምሩ ተገድደዋል።

ሦስቱም አገሮች የያዙት አንድ ሐሳብ ነው፤ ኪሳራው በከፊል እንኳ ወደ ባንኩ ካልደረሰ ባንኩ በሩን አይጠግንም። ሰው የሚጠግነው የሚያፈሰውን የራሱን ጣሪያ ነውና።

አደራና ብድር

የሙስሊም ቤተሰብ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በፊቅህ መጻሕፍት የወዲዓ ምዕራፍ የታወቀ ነው። አደራ ተቀባይ ያለጥፋቱ ለጠፋው ዕቃ አይጠየቅም፤ ወሰን ካለፈ ወይም በጥበቃው ቸል ካለ ግን ይጠየቃል። እንግዲህ የባንክ ተቀማጭ በዚህ ምዕራፍ ሥር ይገባል ብለን እናስባለን። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1995 በአቡ ዳቢ ባደረገው ዘጠነኛ ጉባኤው፣ በማንኛውም ጊዜ የሚወጣ የባንክ ተቀማጭ በሸሪዓ ዓይን ቀርድ፣ ማለትም ብድር፣ መሆኑን ወስኗል። ባንኩ ገንዘቡን ይሠራበታል፤ ስለዚህ ተበዳሪ ነው፤ ሲጠየቅ ሙሉውን የመመለስ ግዴታም አለበት።

ይህ ልዩነት ለጉዳያችን ትልቅ ነገር ነው። ተበዳሪ ዕዳውን «ባለቤቱ ልኮኛል» ብሎ ለዋሸ ሰው ቢከፍል ከዕዳው ነፃ አይወጣም። ባለገንዘቡ ወኪል አልላከምና ዕዳው ባለበት ይቆያል። የሲም ካርዱን ታሪክ በዚህ መዝኑት። ሌባው በተጭበረበረ መታወቂያ ባለቤቱን መስሎ ቀረበ፤ ባንኩም ከፈለው። ከባለቤቱ በኩል አንዲት ጥፋት ከሌለ ባንኩ የከፈለው ከራሱ ገንዘብ ነው ማለት ይሆናል። በሌላ በኩል ባለቤቱ ቁልፉን በገዛ እጁ ለሌባ የሰጠ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ የእሱም ቸልተኝነት ይመዘናል። በየጉዳዩ ብይን መስጠት የዑለማና የዳኞች ሥራ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። እኔ የምለው የማን ጥፋት እንደሆነ ሳይመረመር ሁሉንም «ነግረንሃል» በሚል ቃል መዝጋት ከፍትሕ የራቀ መሆኑን ብቻ ነው።

በተለይ ከወለድ ነፃ የሆኑት ባንኮች ይህንን ቢያስቡበት መልካም ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ፣ ተከትሎት የመጣው ሂጅራ ባንክ፣ በሌሎች ባንኮች ውስጥ ያሉት ከወለድ ነፃ አገልግሎቶችም ሕዝበ ሙስሊሙ በእምነት የቀረባቸው ናቸው። ከወለድ መራቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የደንበኛን ሐቅ መጠበቅም የዚያው ዲን ክፍል ነው። ለሌሎቹ ምሳሌ መሆን የሚገባቸው እነሱ ናቸው።

«ባንክ ከከፈለ ሰው ሁሉ ቸልተኛ ይሆናል፤ ሐሰተኛ አቤቱታም ይበዛል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ለዚህም ነው በእንግሊዝ በከባድ ቸልተኝነት የተገኘ ደንበኛ ተመላሽ የማያገኘው፤ ባንኩም ከተመላሹ ላይ እስከ 100 ፓውንድ መቀነስ የሚችለው። የህንዱም መመሪያ ደንበኛው ጥፋተኛ ሲሆን የራሱን ድርሻ ያሸክመዋል። መካከለኛ መንገድ እንዳለ እነዚህ ያሳያሉ። እኛ ግን እስከ ዛሬ የያዝነው አንዱን ጫፍ ብቻ ነው።

ከባንኮች የምንጠይቀው

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅም በኮምፒውተር የሚፈጸም ማጭበርበርን ይቀጣል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያ ግዴታ መሆን ጀምሯል፤ ይህም በሐሰተኛ መታወቂያ ሂሳብ የሚከፍተውን ሌባ ያስቸግረዋል። መልካም ጅምሮች ናቸው። ይሁንና አራት ነገሮች ሊጨመሩ ይገባል።

አንደኛ፣ ከዚህ በፊት ልከንለት ለማናውቀው ሰው ከፍ ያለ ገንዘብ ስንልክ ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም ላኪው መሰረዝ ይቻለው። ችኮላው የሚጠቅመው ከእኛ ይልቅ ሌባውን ነው።

ሁለተኛ፣ ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ወዲያው የሚነሣ፣ ሂሳብን በአንድ ጥሪ የሚያግድ ስልክ ይኑር። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይመልስ። ማስጠንቀቂያውም ማንበብ ለማይችሉ በድምፅ ይሰማ።

ሦስተኛ፣ ሲም ካርዱ በቅርቡ የተቀየረ ስልክ ለተወሰነ ጊዜ ከፍ ያለ ገንዘብ እንዳያስተላልፍ ይደረግ። ይህ የባንኩና የቴሌው የጋራ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ ኪሳራው በምን ሁኔታ የማን እንደሚሆን የሚለይ ግልጽ ደንብ ይውጣ፤ የማስረዳት ሸክሙም መዝገቡን በያዘው ወገን ላይ ይሁን። መዝገቡ ያለው በባንኩ እጅ ነው፤ በእጇ ምንም የሌላትን እናት «አስረጂ» ማለት አይገባም።

በቤታችን የምናደርገው

ባንኩ ግዴታውን እስኪወጣ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላልና የሚከተሉትን ለቤተሰባችሁ አስተምሩ፤ በተለይ ለእናቶችና ለአባቶች፣ በአንድ ቀን ሳይሆን በተደጋጋሚ።

ጥሪትን በሙሉ በስልክ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ አታስቀምጡ። ለዕለት ወጪ የሚሆነውን በስልክ፣ የተጠራቀመውን ደግሞ ከስልክ ጋር ባልተያያዘ ሌላ ሂሳብ አድርጉ። በቀን የሚተላለፈው መጠን ዝቅ እንዲል ባንኩን ጠይቁ።

ገንዘብ ለመቀበል የምስጢር ቁጥርም የማረጋገጫ ቁጥርም አያስፈልግም። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ የያዘ ሰው ከብዙ ማታለል ይድናል። «ልልክልህ ነውና ቁጥሩን ንገረኝ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

«ገባልዎ» የሚል መልእክት ስታዩ መልእክቱን አትመኑ፤ ራሳችሁ ሂሳባችሁን ከፍታችሁ ቀሪውን ተመልከቱ። ነጋዴ የሆናችሁም የገዢውን ስክሪንሾት ሳይሆን የራሳችሁን ሂሳብ ሳታዩ ዕቃ አታስጭኑ። «ተሳስቼ ልኬብሃለሁ» ለሚላችሁ «ወደ ባንክህ አመልክት፤ ባንኩ ያስመልስልህ» በሉት። እውነተኛ ከሆነ ሐቁን በዚያ ያገኛል።

ከባንክ ነኝ የሚል ሲደውል ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ወደ ባንኩ የታወቀ ቁጥር ደውሉ፤ ለምሳሌ የንግድ ባንክ 951 ነው። በዚህ አትፈሩ፤ ነውርም የለበትም። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ መልሰው በመደወላችሁ አይቀየምም።

በቴሌግራም የተላከ አፕ አትጫኑ። ስልካችሁ ድንገት መስመር ካጣ «ኔትወርክ ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ በሌላ ስልክ ወዲያው ባንካችሁንና ቴሌን ጠይቁ። ለሰደቃ ስትልኩ የሂሳቡን ቁጥር ከመስጂዱ ኮሚቴ ወይም ከቤተሰቡ በቀጥታ አረጋግጡ።

ልጆቻችሁ የእናታቸውን ምስጢር ቁጥር የሚያውቁ ከሆነ ይህም አደራ መሆኑን ንገሯቸው። ከቤት የሚጠፋ ገንዘብ ሁሉ በሩቅ ሌባ የተወሰደ አይደለም። በዐረብ አገር ያሉ እህቶችም የሚልኩት ገንዘብ በማን ስልክ እንደሚገባ፣ ስልኩን ማን እንደሚይዝ አስቀድመው ከቤተሰብ ጋር ይነጋገሩ።

ጉዳቱ ከደረሰ ደግሞ እፍረት ጊዜ አይግደልባችሁ። ብዙ ሰው «ተታለልኩ» ለማለት አፍሮ አንድ ቀን ሲዘገይ ገንዘቡ ይርቃል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደውላችሁ ሂሳባችሁን አሳግዱ፤ ገንዘቡ የገባበት ሂሳብም እንዲታገድ ጠይቁ። መልእክቶቹን አትሰርዙ። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡና የተቀበሉበትን ማስረጃ ያዙ፤ ለፖሊስም አመልክቱ። ባንኩ መልስ ካልሰጣችሁ ለብሔራዊ ባንክ አቤት በሉ።

ውድ አንባብያን፤ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም የሚናገር አይደለም። ዕዳ ሲኖር ስለመጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር እንዲቆም፣ አቅም የሌለው ሰውም የሚቆምለት እንዲኖር የሚያዝዘው የሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ ነው። በሰዎች መካከል የሚተላለፍ ገንዘብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገለት በስልክ ስለሚተላለፈው ገንዘብ በር ላይ የተለጠፈ አንድ መስመር ይበቃል ማለት አይቻልም። የአንዲት እናት የሁለት ዓመት ጥሪት ለባንኩ በመዝገብ ላይ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ለእሷ ግን የቤቷ ጣሪያ ነው። እኛ ስልካችንን እንጠብቅ፤ ባንኮችም የሰጠናቸውን ይጠብቁ። ሐቅ የሚጠፋበት ዝምታ ግን ከማናችንም አይጠበቅም። አላህ ሐቃችንን ይጠብቅልን፤ የሰው ሐቅ ከመብላትም ይጠብቀን።